በድረ-ገጽ ላይ የሚቀርቡ መስተጋብራዊ የመረጃ ምስሎች፦ ምንነት፣ አሠራርና አነባበብ

ቀደም ሲል በወፋፍራም የሕትመት ጥራዞች ይወጡ የነበሩ አኃዛዊ መረጃዎች አሁን በድረ-ገጽ ላይ በግራፍ፣ በካርታና በዳሽቦርድ መልክ ይቀርባሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተመልካቹ ሲነካቸው የሚለወጡ፣ ክልል ወይም ዓመት ሲመረጥ አዲስ ውጤት የሚያሳዩ ናቸው። ይህ አቀራረብ መስተጋብራዊ የመረጃ ምስል ይባላል። ዜጎች ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት የሚወስኑትን ጉዳይ ከእንዲህ ዓይነት ምስል ተነሥተው የሚወስኑበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። በመሆኑም ምስሉ የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይቶ ማወቅ አስፈላጊ ነው። ይህ ጽሑፍ የምስሎቹን አመጣጥና አሠራር፣ እንዲሁም በአነባበብ ረገድ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

አመጣጥ

አኃዝን በሥዕል መግለጽ ረዥም ዕድሜ አለው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን የውጭ ንግድ በመስመርና በባር ግራፍ አሳይቷል። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾች የነበሩባቸውን ቤቶች በካርታ ላይ አመልክቷል። ሞቱ የበዛው በብሮድ ስትሪት በሚገኝ አንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ እንደነበር ካርታው በግልጽ ያሳያል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ደግሞ በ1858 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ክብ ግራፍ፣ በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት በጦር ቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ መሆኑን አስረድታለች።

እነዚህ ሥዕሎች ትልቅ አገልግሎት ቢሰጡም የሚመልሱት ሠሪው ያነሣውን ጥያቄ ብቻ ነበር። ድረ-ገጽ ያመጣው ለውጥ ተመልካቹ የራሱን ጥያቄ እንዲያቀርብ ማስቻሉ ነው። ስዊድናዊው የጤና ምሁር ሃንስ ሮስሊንግ በ2006 እ.ኤ.አ. በሰፊው በታየ ንግግሩ እያንዳንዱን አገር በአንድ ክብ፣ የሕዝቡን ብዛት በክቡ ስፋት ወክሎ፣ ክቦቹ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንቀሳቀሱ አሳየ። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ፣ በጃንዋሪ 22 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይፋ ያደረገው ዳሽቦርድ ደግሞ በመላው ዓለም የሚገኝ ሰው የአገሩን ሁኔታ መርጦ እንዲከታተል አስችሏል።

አሠራር

የመረጃ ምስል ከጀርባው ሰንጠረዥ አለው። በድረ-ገጹ የተጻፈው ፕሮግራም ሰንጠረዡን አንብቦ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቀለም ወይም ቦታ ይለውጠዋል። ተመልካቹ ምርጫውን ሲቀይር ፕሮግራሙ ምስሉን እንደገና ይሠራል። በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበውና በነፃ የሚገኘው ዲ-ስሪ የተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ይህን ሥራ ካቃለሉት አንዱ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ቤን ሽናይደርማን በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መመሪያ እስካሁን በብዙ ገጾች ላይ ይሠራበታል። መመሪያው ተመልካቹ በቅድሚያ አጠቃላዩን ሁኔታ እንዲያይ፣ ቀጥሎ የፈለገውን ክፍል አቅርቦና አጣርቶ እንዲመለከት፣ ዝርዝሩንም ሲፈልግ ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። ተገልጋዮችም ገጹን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያነቡት ይጠቀማሉ። በመጀመሪያ አገራዊውን ሥዕል፣ ከዚያ ክልሉን ወይም ዞኑን፣ በመጨረሻም ነጥቡን ወይም ባሩን በመንካት ትክክለኛውን ቁጥር ማየት ይቻላል።

በአነባበብ ጊዜ ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

፩. የዘመን አቆጣጠር። በኢትዮጵያ የሚገለገሉ ገጾች አንዳንዶቹ የኢትዮጵያን፣ አንዳንዶቹ የአውሮፓን የዘመን አቆጣጠር ይጠቀማሉ። በግራፉ ግርጌ «2012» የሚል ቢጻፍ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከመስከረም 2019 እስከ መስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በመሆኑም ሁለት ግራፎችን ማነጻጸር የሚገባው አቆጣጠራቸው አንድ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠር መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

፪. ደረጃና የለውጥ መጠን። የዋጋ ግሽበት ግራፍ ወደ ታች ሲወርድ ብዙዎች ዋጋ የቀነሰ ይመስላቸዋል። ለምሳሌ 100 ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት 20 በመቶ ቢጨምር 156 ብር ይደርሳል። የግሽበቱ መስመር ከ30 ወደ 20 ሲወርድ ገዥው የሚከፍለው ዋጋ ግን አድጓል። ግሽበቱ ከዜሮ በታች ካልወረደ በስተቀር አጠቃላይ ዋጋ አልቀነሰም ማለት ነው። ኪራይ የሚዋዋል ወይም የሸቀጥ ክምችት የሚይዝ ሰው ይህን ልዩነት ካልተገነዘበ ለኪሳራ ሊዳረግ ይችላል።

፫. የመለኪያው መነሻ። ባር ግራፍ ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል። ከ90 የሚጀምር ግራፍ በ95 እና በ100 መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት እጥፍ አስመስሎ ያሳየዋል። የመስመር ግራፍ ከዜሮ ባይጀምርም ችግር የሌለበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም በጎን የተጻፉትን ቁጥሮች ሳያነቡ በመስመሩ ቁልቁለት ብቻ መፍረድ አይገባም።

፬. የካርታ ስፋትና የሕዝብ ብዛት። በካርታ ላይ ሰፊ ቦታ የያዘ ክልል ዓይንን ይስባል። ይሁን እንጂ እንደ ሶማሌና አፋር ያሉ ሰፋፊ ክልሎች ሕዝባቸው ተራርቆ የሚኖር ሲሆን፣ በካርታው ላይ እንደ ነጥብ የምትታየው አዲስ አበባ ግን ብዙ ሚሊዮን ነዋሪዎች አሏት። የቀለሙ ድምቀት የሚያመለክተው ጠቅላላ ብዛትን ነው ወይስ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር የተሰላ መጠንን? ይህን የሚመልሰው የካርታው መግለጫ ነው። በነፍስ ወከፍ የተሰላ አኃዝ ሲሆን ደግሞ የሕዝቡ ቁጥር ከየት እንደተወሰደ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን፣ ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ ላሉት ዓመታት የሚቀርቡት የሕዝብ ቁጥሮች በትንበያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

፭. ባዶ ቦታና ዜሮ። መረጃ ያልተሰበሰበበት ወረዳና ችግሩ የሌለበት ወረዳ አንድ አይደሉም። በአግባቡ የተዘጋጀ ካርታ መረጃ የሌለበትን ቦታ በግራጫ ወይም በሰረዝ ለይቶ ያሳያል። ይህ ካልተደረገ የበሽታ ሪፖርት ያልደረሰበት ወረዳ ጤናማ መስሎ ሊታይና እርዳታ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ሊዘነጋ ይችላል።

፮. ምንጭና የታደሰበት ቀን። ከላይ የተጠቀሰው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዳሽቦርድ መረጃ መሰብሰቡን በማርች 10 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል። አንድ ምስል በስልክ ላይ ተከፈተ ማለት የዛሬን ሁኔታ ያሳያል ማለት አይደለም። ምንጩና የታደሰበት ቀን ያልተጻፈበት ምስል፣ በተለይም ከማኅበራዊ ሚዲያ ተቀርጾ የተላከ ከሆነ፣ ለውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባም።

ለሁሉም ተገልጋይ ተደራሽ ስለመሆን

ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች በተለይም በወንዶች መካከል በርካታ ናቸው። ስለዚህ ልዩነት በቀለም ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ወይም በምልክት ጭምር መገለጽ አለበት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያም የግራፍ ክፍሎችን ለመረዳት የሚያስፈልገው የቀለም ንጽጽር ቢያንስ ሦስት ለአንድ እንዲሆን ያሳስባል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጡ መሣሪያዎች ስለሚገለገሉ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር አጭር መግለጫና ሰንጠረዥ ሊቀርብላቸው ይገባል። ሰንጠረዡ የኢንተርኔት መስመራቸው ደካማ ለሆነ ወይም ለዳታ ብዙ ክፍያ ለማውጣት ለማይችሉ ተገልጋዮችም ይጠቅማል፤ ከተንቀሳቃሽ ካርታ ይልቅ ቀላልና ፈጥኖ የሚከፈት ነውና።

መረጃ የመጠየቅ መብትና የግል መረጃ ጥበቃ

ተገልጋዩ ምስሉ የተሠራበትን ሰንጠረዥ ማየት ቢፈልግ በቅድሚያ በገጹ ላይ የማውረጃ ቁልፍ መኖሩን ይመለከታል። ከሌለ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ እንዲሰጠው የመንግሥት አካልን መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚፈለገውን ቦታ፣ ዘመንና መለኪያ ለይቶ ቢገልጽ መልሱም የተሟላ ይሆናል።

አንዳንድ መስተጋብራዊ ካርታዎች ተመልካቹ የሚገኝበትን ቦታ እንዲያሳውቅ ይጠይቃሉ። ቦታን ማሳወቅ በአቅራቢያ የሚገኝን ጤና ጣቢያ ወይም ጽሕፈት ቤት ለማግኘት ሊረዳ ይችላል፤ አገራዊ ግራፍን ለማየት ግን አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ ጥያቄውን አለመቀበል ይቻላል፤ ወረዳውን በስሙ መርጦ መፈለግም ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል።

በጥቅሉ መስተጋብራዊ የመረጃ ምስል ቀድሞ ለባለሙያ ብቻ ክፍት የነበረውን ሰንጠረዥ ለማንኛውም ዜጋ ያቀርባል። የሚሰጠው ጥቅም የተሟላ የሚሆነው ግን ተመልካቹ ዘመኑን፣ መለኪያውን፣ ምንጩንና ባዶ የቀረውን ቦታ አረጋግጦ ሲያነበው ነው።