በቢትኮይን የከፈለ አይታወቅም?

በቅርቡ አንድ ወዳጄ፣ «በቢትኮይን የተከፈለ ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደሄደ አይታወቅም አሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍል።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የተዋወቀውና እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ባንክ የለውም። የባንኩን ቦታ የተካው ብሎክቼይን የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ሲሆን፣ እሱም ለማንም ክፍት ነው። የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ መጠኑና ጊዜው ይሰፍርበታል፤ የሰው ስም ግን አይጻፍበትም። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2010 ሁለት ፒዛ የተገዛበትን የ10,000 ቢትኮይን ክፍያ እኔም ኢንተርኔት ላይ ገብቼ አይቼዋለሁ። ዛሬም እዚያው አለ።

ስም ካልተጻፈ ባለቤቱ እንዴት ይታወቃል? አንደኛ፣ ቢትኮይን የሚመነዝሩ ድርጅቶች አብዛኞቹ የደንበኛውን መታወቂያ ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ክፍያ ላይ ከብዙ አድራሻዎች የተውጣጣ ገንዘብ ከታየ፣ አድራሻዎቹ የአንድ ሰው ናቸው ተብሎ ይገመታል። ግምቱ አንዳንዴ ሊሳሳት ይችላል፤ ሆኖም አንዱ አድራሻ ስም ካገኘ የሌሎቹም ታሪክ ይገለጣል።

የቢትፊኔክስ ዘረፋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ከዚህ የመገበያያ ድርጅት ወደ 120,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ተሰረቀ። ዘራፊው የተወሰነውን እየከፋፈለ፣ ወደ ሌላ ዲጂታል ገንዘብም እየለወጠ ዱካውን ለማጥፋት ሞከረ። የአሜሪካ መርማሪዎች ግን መዝገቡን ተከትለው አንድ ባልና ሚስት ዘንድ ደረሱ። በፌብሩዋሪ 2022 ከ94,000 በላይ ቢትኮይን ተያዘ፤ ባልየው በኖቬምበር 2024 የአምስት ዓመት እስር ተፈረደበት።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሞኔሮ ላኪውን፣ ተቀባዩንና መጠኑን ይደብቃል። ይሁን እንጂ ወደ ተራ ገንዘብ ሲመነዘር ብዙ ጊዜ መታወቂያ ይጠየቃል።

ጉዳዩ የሌባ ብቻ አይደለም። አድራሻችሁን የሰጣችሁት ነጋዴም በዚያ አድራሻ ያላችሁን ገንዘብና ያለፈ ክፍያችሁን ማየት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ በተቀበላችሁ ቁጥር አዲስ አድራሻ ተጠቀሙ፤ ናካሞቶ ራሱ በ2008 ጽሑፉ የመከረው ይህንኑ ነው። ለወዳጄም ያልኩት ይህን ነው፦ ዛሬ ያልታወቀ ክፍያ ነገ ሊታወቅ ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።