ካላዛር በደቡብ ጎንደር

ካላዛር ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ በሚባል፣ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ የሚመጣና ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ተሐዋሲውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከወባ ትንኝ በብዙ ታንሳለች፣ ስትበርም ድምፅ የላትም። ያልታከመ ሰው የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን የበሽታው ስም ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ ወረዳዎች፣ ሕክምናው ደግሞ ከአዲስ ዘመን ከተማ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የዞኑ ርእሰ ከተማ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ አጠገብ ስለምትገኝ በሽታው የሚፈልቅባት ቦታ አይደለችም። ካላዛር የሚነሣው ከእሷ በታች፣ ወደ ጣና ከሚዘረጋው ዝቅ ያለ አገር ነው።

ካላዛር ከህንድ የመጣ ስም ነው፤ ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። የተሐዋሲው ስም የዊልያም ሌይሽማንንና የቻርለስ ዶኖቫንን ስሞች ያጣመረ ሲሆን፣ ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1903 ግኝታቸውን ለየብቻ ይፋ አድርገዋል። በኢትዮጵያ በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበው በ1930ዎቹ ዓ.ም. በታችኛው ኦሞ ነበር። ለጎንደር ሰው ግን ካላዛር ሲባል ትዝ የሚለው ኦሞ ሳይሆን የሁመራና የመተማ ቆላ ነው።

ቆላ ወርዶ መመለስ

የሁመራና የመተማ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች በየዓመቱ የደጋውን ወጣት ይጠራሉ። በክረምት ለአረም፣ መስቀል ሲጠባ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ፀሐዩ ሲከር ግራር ሥር ጋደም ይላል፤ ማታ ዳስ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ያድራል። ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የምትባለው የዚያ አገር የአሸዋ ዝንብ የምትገኘውም እዚያው ነው፤ በጋ ሲሆን በሚሰነጣጠቀው ጥቁር የዋልካ አፈርና በግራሩ ጫካ። በሽታው ከቆላው ነዋሪ ይልቅ በእንግዳው ላይ ይበረታል፣ ነዋሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነከስ ስለኖረ ሰውነቱ መቋቋሙን ተምሯል።

ደጋ ላይ የካላዛር ምልክት ያለው ሰው ሲመጣ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ የበሽታው ምንጭ ታወቀ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ግን ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ሆዳቸው ተነፍቶና እጅ እግራቸው ቀጥኖ ይመጡ ጀመር።

የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ

ሊቦ ከምከም ከጣና በስተምሥራቅ ያለ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው አዲስ ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቆርቁሯል። ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ካላዛር ይደርስበታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የተመዘገቡት በሽተኞች ጥቂት ነበሩ። ወባን ግን አገሩ በደንብ ያውቃታል። ስለዚህ ትኩሳት ሁሉ «ንዳድ ነው» ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ ሰዉ አልተሻለውም፤ ተደገመ፣ አሁንም አልተሻለውም። ወቅቱ ኢትዮጵያ ወባው ተላምዶታል ብላ የቀድሞውን መድኃኒት በአዲስ የለወጠችበት ስለነበር፣ «ወባው መድኃኒት አልበግር አለ» የሚለው ግምት ሰሚ አገኘ። ግምቱ ሞኝነት አልነበረም። ጥፋቱ የወባ ስም ሌላውን ትኩሳት ሁሉ መሸፈኑ ነው፤ ይህ ዛሬም በየጤና ኬላው ያልለቀቀ ልማድ ነው።

ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ አገር ሁሉ ስለ ምርጫው በሚያወራበት ሰሞን ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአካባቢው ብቸኛ የሆነውን የካላዛር ሕክምና ማዕከል አቋቋመ፤ መዝገቡም ከግንቦት 17 ቀን ይጀምራል። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. ድረስ ያለውን መዝገብ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ መርምረውታል። ከታካሚዎቹ 77.6 በመቶው ወንዶች ናቸው፣ የዕድሜያቸው መሀል ከፋይ (ሚዲያን) 18 ዓመት ነው። ከመቶው አራቱ ሞተዋል። ዕድሜው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካለው ይልቅ የመሞት ዕድሉ አምስት እጥፍ ነበር። ኤችአይቪ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት እብጠት፣ ከባድ የምግብ እጥረትና ትውከት የነበረባቸውም ይበልጥ ሞተዋል። ወረርሽኙ ጣራ የነካው በ1998 ዓ.ም. መባቻ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ወረርሽኝነቱ ቀርቶ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሥር የሰደደ የአገር በሽታ ሆነ።

በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። እዚያው እንዴት እንደተዛመተ ለማወቅ 171 በሽተኞችን ከ171 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተካሂዷል። አደጋውን ከፍ ያደረጉት ነገሮች ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ቀን ግራር ሥር መተኛት፣ ሌሊት ደጅ ማደርና ውሻ ማሳደግ። ከተመረመሩት የመንደር ውሾች 3.8 በመቶው በደማቸው የበሽታው ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ ይሁንና የውሻው ድርሻ ምን እንደሆነ አልተቋጨም። አጎበር የሚከላከለው የተወሰነውን ሰው ብቻ ሊሆን እንደሚችልም ተመራማሪዎቹ አስጠንቅቀዋል። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እኩለ ቀን ላይ አጎበር ይዞ አይወጣም።

ምርመራው

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ጣፊያው ያበጠና ሰውነቱ የከሳ ሰው ወባ አለመሆኑ ሲረጋገጥ በካላዛር ይጠረጠራል። ጣት ተወግቶ በምትወጣ ጠብታ ደም የሚሠራው አርኬ 39 የተባለው ፈጣን ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን እንደ ህንድ አይታመንም፤ ያመለጠው ሰው እንዳለ ስለሚታወቅ ጥርጣሬው ካልለቀቀ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና ይወሰዳል። ሰው አጥብቆ የሚፈራው ይህንን ነው። መርፌው ጣፊያው ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ቢሆንም፣ ደም እንዳይፈስ አስቀድሞ የደሙ መርጋት ይታያል፤ ከዚያም በሽተኛው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ ይደረጋል፣ አስታማሚው አጠገቡ ተቀምጦ ሆዱን ሆዱን እያየ።

በሽተኛው አልጋ ሲይዝ ሐኪሙ የጣፊያውን ጠርዝ በእጁ ዳስሶ፣ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግና ከጎድን አጥንቱ ጀምሮ በሜትር ይለካዋል። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ሕክምናው እየሠራ ሲሄድ ቁጥሩ ይቀንሳል። ፊደል ያልቆጠረ አባትም ቢሆን ምልክቱ ወደ ላይ መሸሹን አይቶ ልጁ እየዳነ መሆኑን ይረዳል። በቤተ ሙከራ ውጤት ያላመነ ሰው በእስክሪብቶ መስመር ያምናል።

መርፌው

የወረርሽኙ ጊዜ ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር፤ በየቀኑ በጡንቻ የሚወጋ ሲሆን ለብቻው ሲሰጥ 30 ቀን ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው ፓሮሞማይሲን ከተባለ መድኃኒት ጋር ተዳብሎ ለ17 ቀን የሚሰጠውን ነው። ቀኑ በግማሽ ያህል ቀነሰ፣ መርፌው ግን በቀን ሁለት ሆነ። በ17 ቀን 34 ጊዜ መወጋት ሥጋው ላለቀ ሰው ቀላል አይደለም፣ የሚወጋበት ቦታ ይጠፋል። «ሲስተር፣ ዛሬ በቀኝ ይሁንልኝ» ማለት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ አዲስ ልመና አይደለም። ስቲቦግሉኮኔት ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚያስመልሰውና ሆዱን አጥብቆ የሚያመው በሽተኛ ወዲያው ይታያል። ፓሮሞማይሲን ደግሞ ጆሮ ላይ ይመጣል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌና በጠና ለታመመ ሰው አምቢሶም የተባለው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ውድ መድኃኒት ይመረጣል።

መድኃኒቱ በነፃ ነው። መንገዱ፣ የአስታማሚው ምግብና የቀረው ሥራ ግን በነፃ አይደሉም። ታማሚው ካላዛር መሆኑን ከማወቁ በፊት ጤና ኬላ፣ የግል ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤትና ጠበል ዞሮ የመጣ ነው፤ የነበረው ጥሪትም እዚያው አልቋል። በ1998 ዓ.ም. እንደታየው የበሽታው ጫፍ ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ሲገጥም፣ አንድ ጎረምሳ ሲተኛና አንድ ወንድሙ ሲያስታምመው ከአውድማው ሁለት ሰው ጎደለ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ሲጨመርበት ደግሞ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር በየቀኑ መወጋት ያለበት ሰው ከመርፌው ይርቃል።

ኤችአይቪ ያለበት ታካሚ ነገር ለብቻው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ በሽታዎች የሚደራረቡበት መጠን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የቆላው የቀን ሠራተኛ ኑሮ ለሁለቱም ያጋልጣል። ካላዛር ሊታከም የመጣ ሰው የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግለታል፣ ብዙው ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማውም እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ድኖ ከወጣ በኋላ እንደገና ሊያገረሽበት ይችላል። በጎንደርና በቆላዋ አብዱራፊ የተካሄደ የመድኃኒት ሙከራ አምቢሶምን ሚልቴፎሲን ከተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ጋር መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን መስጠትም፣ ጎንደርን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ተሞክሮ፣ ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር የሚስተካከል ውጤት አስገኝቷል። ከ34 መርፌ 14 ብቻ ይቀራል ማለት ነው።

ቁንጭር

ከጣና ዳሩ ሜዳ ተነሥተን ወደ ዞኑ ደጋ፣ ወደ ጋይንት ስንወጣ የሚያጋጥመን የዚሁ በሽታ የቆዳ ዘመድ ነው። ሐኪሞች የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ይሉታል፤ ሕዝቡ ቁንጭር። ተሐዋሲው ሌላ ነው፣ ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ ይባላል፤ ማደሪያውም በገደልና በቋጥኝ የሚኖረው ሽኮኮ ነው። ቁንጭር አይገድልም፣ ፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ ይተዋል እንጂ። አብዛኛው በዓመታት ውስጥ ራሱ ይድናል፤ አፍንጫና ከንፈር ውስጥ የገባው ወይም ሰውነት ላይ የተሠራጨው ግን ሳይታከም አይድንም። ጠበልና ቅጠላ ቅጠል ይቀድማሉ፣ ሐኪም ይከተላል። ላይ ጋይንት ውስጥ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ያክመዋል፤ ጠባቡ ቁስል በብርድ ጋዝ ይተኮሳል ወይም ቁስሉ ራሱ ላይ ስቲቦግሉኮኔት ይወጋል፣ ሰፊው ደግሞ ለሳምንታት በጡንቻ ይወጋል። ፊት ላይ መወጋት እንዴት እንደሚያም የተወጋ ያውቀዋል። ለካላዛር የተገዛው መድኃኒት ለቁንጭርም የሚውል ስለሆነ፣ እጥረት ሲመጣ የሚገድለው በሽታ ይቀድማል፣ ቁንጭር ያለበት ተመለስ ይባላል።

ከሕክምና በኋላ

ታካሚው ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ጣፊያው ሸሽቶና ክብደቱ ጨምሮ ሲወጣ «ድኗል» የሚባለው ለጊዜው ነው። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው። በጥር የወጣ ሰው ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ይውላል። ሐምሌ ደግሞ በሁመራ የአረም ወቅት ነው፤ ካርዱ አዲስ ዘመን መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል፣ ባለካርዱ ሰሊጥ መሐል ነው።