ጠገራ ብር በሸዋ፤ መልኩ አንድ፣ ማተሚያ ቤቱ ብዙ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በአንኮበርና በአካባቢዋ ገበያዎች ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረውን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ መልኩ አንድ ሆኖ የታተመበት ቦታ ልዩ ልዩ የሆነ ገንዘብ መታመኑን የሚያገኘው ከማን ነው? ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች። ብሯ ግን ከዚያም በኋላ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስና በፕራግ ይታተም ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ከምስሏ ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉ ፊደላት የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ማተሚያ ቤቶችም እንዳሉ ገለበጧቸው። የዛሬው የጀርመን ዩሮ ከአምስቱ ማተሚያ ቤቶች በየትኛው እንደ ተሠራ በፊደል ይለያል፤ ጠገራው ግን ለተራ ሰው ዐይን የትውልድ ቦታውን አይገልጽም ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) ሸዋን ሲገዙ፣ ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ወደብ የመጡ ነጋዴዎች ጠገራውን ይዘው ይገቡ ነበር። ለዝርዝር የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነው። በአገራችን ገበያዎች ተቀባዩ ብሩ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም፤ የትከሻዋን ጌጥ ፈርጦችና ፊደላቱን ይመረምራል፤ መልኩ ያልለመደው ከሆነ ይመልሳል። እንግዲህ ዳኛው ገበያተኛው ነበር ማለት ነው። በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በመልካቸው ብር በፓሪስ ቢያሳትሙም፣ ሕዝቡ ጠገራውን ቶሎ አልተወም።

ይሁን እንጂ ይህ እምነት ለአገር አደጋ ነበረበት፤ ቅርጹን የያዘ ሁሉ የሕዝቡን እምነት ሊጠቀምበት ይችላልና። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ቅርጹን ከኦስትሪያ ለ25 ዓመት በብቸኝነት ተቀብላ በሮማ አሳተመች። በ1936 ለንደን ማተም ጀመረች፤ በነዚያው ዓመታት ፓሪስና ብራስልስም አተሙ። ከ1940 ጀምሮ፣ እንግሊዞች ኢጣልያንን በምሥራቅ አፍሪካ ሲወጉ፣ ቦምቤይ ደግሞ ተጨመረች። ወራሪውም ወራሪውን የሚወጋውም የሚከፍሉት በአንዲት ንግሥት መልክ ሆነ።

በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። በላያቸው 1936 ዓመተ ምሕረት የሚለውን የያዙት ሳንቲሞችም ዓመቱ ሳይለወጥ በፊላዴልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን ለብዙ ዓመት ታትመዋል። በመልክ አንድ፣ በማተሚያ ብዙ መሆናቸው ከጠገራው ጋር ያመሳስላቸዋል። የሚለያቸው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሳንቲሙ የታተመው በኢትዮጵያ መንግሥት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ከታሪኩ የምንረዳው፣ ስለ ገንዘብ ሲነሣ ዋናው ጥያቄ የት ታተመ ሳይሆን በማን ሥልጣን ታተመ የሚለው መሆኑን ነው።