በጥቂት ዋት ርቀው ስለሚሰሙ የሬዲዮ ድምፆች

በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ፣ ያለ ደመወዝ ለጥበቡ ፍቅር ብቻ የሚደክሙትን አማተሮች አይረባም ተብሎ ወደተናቀው፣ ከ200 ሜትር ወደማይበልጠው ሞገድ ባገለላቸው ጊዜ፣ ይህ ክልል የውቅያኖስ ማዶ በር እንደሚሆን የገመቱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በኅዳር 1923 ፈረንሳዊው ሊዮን ደሎይ ከኒስ፣ አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል ከኮኔክቲከት ሆነው በ100 ሜትር ገደማ ሞገድ በሞርስ በተነጋገሩ ጊዜ፣ ርቀትን የሚያሸንፈው የማሠራጫው ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ተገለጠ። ኋላም ኃይልን ማሳነስን እንደ ተጋድሎ የያዙ ወገኖች ተነሥተው፣ ከ5 ዋት ላለማለፍ ወስነው፣ ትንሽ አምፖል በሚያበራ ኤሌክትሪክ ባሕር ማዶ መሰማትን ደስታቸው አደረጉ።

ኮምፒዩተር ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ ልሳን ተገኘ። እንግሊዛዊው ፒተር ማርቲኔዝ በ1998 ያወጣው ፒ ኤስ ኬ 31 በሴኮንድ 31.25 ምልክት ብቻ የሚያስተላልፍ፣ ማለትም የጸሐፊውን እጅ ፍጥነት የሚከተል በመሆኑ፣ ለሰው ድምፅ ከሚያስፈልገው ስፋት እጅግ ባነሰች ቀጭን መሥመር ያልፋል፤ ማርቲኔዝም በሞርስ ሥርዓት መሠረት ለሚዘወተሩት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጭር ምልክት ሰጥቶ፣ ለቃላት ክፍተት 1፣ ለ«ኢ» 11፣ ለ«ቲ» 101 ብሎ ደነገገ። ፊደሉም በሩቅ አገር ባለው ሰው መስኮት ላይ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ጸሐፊው ቢሳሳት ስሕተቱ፣ ቢያመነታ ማመንታቱ ይታያል።

ከልጅነቱ አማተር የነበረው፣ ኋላም የፕሪንስተን መምህር የሆነው ጆ ቴይለር ግን ከሰማይ ምርምር የመጣ ሊቅ ነው። በ1974 ከተማሪው ከራስል ሐልስ ጋር በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ፑልሳር የተባለ ኮከብ ያለበትን ጥንድ በማግኘቱ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን የተቀበለ ሲሆን፣ ደካማን ምልክት ከሁከት መካከል ለይቶ የማውጣትን ጥበብ ከ2001 ጀምሮ ለአማተሮች በነፃ አበረከተ፤ በ2008 ዊስፐር፣ በ2017 ከስቲቭ ፍራንክ ጋር ኤፍ ቲ 8 የተባሉት ልሳናት ተከተሉ። ኤፍ ቲ 8 የጣቢያውን ስም፣ የቦታውን ምልክት ወይም የድምፁን ብርታት በ77 ቢት ጠቅልሎ፣ ስሕተት ማረሚያውን ጨምሮ 174 ያደርገዋል፤ ይህንንም በስምንት ቃና፣ በ12.64 ሴኮንድ ይልካል። ተራው በየ15 ሴኮንዱ ስለሚለዋወጥ ሁሉም ሰዓታቸውን ማስማማት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማውንም ምልክት ኮምፒዩተሩ ያነባል።

ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን በኤፍ ቲ 8 የሚለዋወጡት መልእክቶች የተወሰኑ ስለሆኑ፣ ሰው ስለ አየሩና ስለ ቤተሰቡ እንደ ልቡ ሊጠያየቅ አይችልም፤ በፒ ኤስ ኬ 31 ግን ይችላል። ስለዚህ አንጋፎቹ አማተሮች በ14.070 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለውን የቀድሞ የፒ ኤስ ኬ 31 መገናኛቸውን ባዶ እንዳይተዉት፣ ወጣቶቹንም እዚያ ተቀብለው እንዲያነጋግሯቸው አጥብቄ እለምናለሁ።