ፈቃዱ ያለቀበት ካርታ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፋይል ላከችልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ነገር እምቢ ብሎኛል፤ እስቲ ክፈትልኝ" ትላለች። የምትሠራበት ወረዳ የውኃ ካርታ ነው፤ ምንጩ፣ ጉድጓዱ፣ ቦኖው ሁሉ ያለበት። አንድ ፕሮጀክት ሰው አሰማርቶ፣ ጂፒኤስ አስይዞ፣ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ያሠራው ነው። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ የሶፍትዌሩም ፈቃድ አብሮ አለቀ። አሁን የቱ ጉድጓድ እንደተበላሸ ለማወቅ እንደገና ሰው ሊልኩ ነው።

ፋይሉን ሳየው ኤም ኤክስ ዲ ነው። ሳቄ መጣ። ልጆች፣ ኤም ኤክስ ዲ እኮ ካርታው አይደለም! የትኛው ዳታ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ቀለም እንደሚታይ የተጻፈበት ማዘዣ ነው። የወጡን አሠራር ልካ ወጡን ቤት ትታዋለች ማለት ነው። "ስሙ በጂ ዲ ቢ የሚያልቅ ፎልደር ፈልጊ፣ ውስጡን ሳትነኪ እንዳለ ላኪው" አልኳት። ብዙ ሰው ከውስጡ ጥቂት ፋይል መርጦ ይልካል፤ እንደዚያ ከሆነ አይከፈትም።

የዚህ ቁልፍ ታሪክ ትንሽ ወደኋላ ይሄዳል። ኤስሪ የሚባለውን ኩባንያ ጃክ ዴንጀርመንድና ባለቤቱ ላውራ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ፣ ሬድላንድስ ከተማ መሠረቱት። በ1982 አርክኢንፎን አወጡ፤ ዓለም ካርታን በኮምፒውተር መሥራት የለመደው በአብዛኛው በእነሱ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የፋይሉ ውስጣዊ አሠራር ለሕዝብ አልታተመም ነበር። ዳታው ያንተ ነው፣ የሚያነበው ግን የእነሱ ፕሮግራም ብቻ።

በ1990ዎቹ ከአርክቪው ጋር ሼፕፋይል መጣ። ትልቁ ነገር የተደረገው ሐምሌ 1998 ላይ ነው፤ ኩባንያው ራሱ የሼፕፋይልን አሠራር በዝርዝር ጽፎ አሳተመ። የትኛው ባይት የት እንደሚቀመጥ የሚናገር፣ ከ40 ገጽ ያነሰ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ፕሮግራመር ማንንም ሳያስፈቅድ ማንበቢያ መጻፍ ቻለ። በዚያው ዓመት ፍራንክ ዋርመርዳም የሚባል ካናዳዊ ጂዳልን ጀመረ፤ አንዱን የካርታ ፋይል ወደ ሌላው የሚገለብጥ፣ ዛሬ በየሶፍትዌሩ ሆድ ውስጥ ያለ መሣሪያ። በ2002 ደግሞ ጌሪ ሸርማን አላስካ ሆኖ፣ አሁን ሁላችንም በነፃ የምንጠቀምበትን ኪውጂአይኤስን ጀመረ።

ከዚያ በ2006 በሩ እንደገና ተዘጋ። ፋይል ጂኦዳታቤዝ መጣ፣ ያ ተማሪዬ የላከችው ዓይነት ማለት ነው። የዚህኛው አሠራር አልታተመም። ኩባንያው ኋላ ላይ ማንበቢያ ቁራጭ ፕሮግራም በነፃ ሰጠ፤ ውስጡን ግን አላሳየም። ፈረንሳዊው ኤቨን ሩዎ ባይት በባይት እየመረመረ አሠራሩን ፈታው። ሥራው በ2014 ጂዳል ውስጥ ገባ። መጻፍ የቻለው እንኳ ገና በ2022 ነው። እኔ ይህን ሰው ሳስብ ይገርመኛል፤ የኛ ወረዳ የት እንዳለ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ለማንኛውም ፎልደሩን ወደ ኪውጂአይኤስ ጎትቼ ጣልኩት፣ ተከፈተ። በቃ፣ ነጥቦቹ ቦታቸው ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ የለመደ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ሼፕፋይል ይቀይራል። እኔ እምቢ አልኩ። ለምን? ሼፕፋይል የአምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲቀመጥ (ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው) 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ፊደል ነው የሚፈቀድልን! "ወረዳ" ትገባለች፣ "ቀበሌ" ትገባለች፣ "የምንጩ ስም" ውጭ ትቀራለች። ሰዉ በላቲን ፊደል የሚጽፈው አንዱ ለዚህ ነው። ደግሞ ሼፕፋይል አንድ ፋይል አይደለም፤ ሦስት አራት ሆኖ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ከጠፋ ካርታው የት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል፣ ወይም አማርኛው ዝብርቅርቁ ይወጣል። ጂኦፓኬጅ የሚባል አለ፤ ከ2014 ጀምሮ የታወቀ ክፍት ደረጃ ነው፣ አንድ ፋይል ብቻ፣ ስሙንም እንደፈለጋችሁ ታረዝማላችሁ። በእሱ አስቀምጬ ላኩላት።

ቀለሙና ምልክቱ ግን አልመጣም፤ እሱ ያ ኤም ኤክስ ዲ ውስጥ ነው የቀረው፣ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። ሌላም ጣጣ አለ። ከምንጮቹ የተወሰኑት ስማቸው በድሮ የአማርኛ ፎንት የተተየበ ስለሆነ፣ ፎንቱ ሲጠፋ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኗል። ይህን ጂዳልም ኤቨን ሩዎም አይፈቱትም። አካባቢውን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ አስቀምጣ አንድ በአንድ እየጠየቀች እየጻፈች ነው፤ ትናንት ደውላ "ቲቸር፣ ግማሹን ጨርሻለሁ" ብላኛለች።

እናንተም ጋ እንዲህ ተቆልፎ የቀረ ፋይል ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኤም ኤክስ ዲ ብቻውን አትላኩ እንጂ!