የደረጃ መደገፊያና የአርሲ ዛፎች

ወደ አሮጌ ቤት የገባ እንግዳ አስቀድሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን ያያል። የደረጃውን መደገፊያ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ጌታውም ሎሌውም በየዕለቱ የሚዳስሱት የቤቱ አካል እርሱ ነው። በብዙ እጅ የለሰለሰ ዕንጨት ያልተጻፈ መዝገብ ነውና፣ ሊያድሰው የተነሣ ሰው መዝገቡን ሊጠብቀውም ሊደመስሰውም ይችላል።

የዕንጨት ደረጃና ሰገነት ያላቸው ቤቶች በአዲስ አበባ የተበራከቱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር። የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከሀገሬው አናጺ ጋር ሆነው ሠሯቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረውና በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው የፒያሳ ሆቴል፣ የዕንጨት ወለሉና ደረጃው የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽን ያወደመው ቃጠሎ ሆቴሉንም ጎድቶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው የነበሩ ብዙ አሮጌ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የዕንጨት ሥራ የቀረው ጥቂት ነው።

የጠፋውን በአዲስ ዕንጨት መተካት አይቻልምን? መልሱን ለማግኘት ከከተማ ወጥቶ ዛፉ ወደበቀለበት መሄድ ይገባል። በመርቲ ወረዳ ካለችው ከአቦምሳ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው፣ ምድሩ ራሱ እንደ ደረጃ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ በየእርከኑም ለአናጺ የሚስማማው ዛፍ ሲለዋወጥ ያስተውላል። በወይና ደጋው ለበርና ለከበሮ የተመረጠው ዋንዛ አለ። ከፍ ሲል ግንዱ ቀጥ ያለው፣ ለመላጊያ የማያስቸግረው ዝግባ፣ ቀጥሎም ምስጥ የማይደፍረው ባለ መዓዛው የሀበሻ ጥድ ይመጣል። ከሁሉ በላይ፣ ወደ ውርጩ ተጠግቶ፣ ቀላ ያለ ዕንጨት ያለው ኮሶ ይገኛል።

እነዚህ አራት ዛፎች እጅግ ከመመናመናቸው የተነሣ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ለይቶ ጥበቃ አድርጎላቸዋል። ዛሬ በገበያው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። እንግዲህ አንድ የተሰበረ የዝግባ መደገፊያ በአምሳያው ይተካ ቢባል፣ መቶ ዓመት የቆመ ሌላ ዝግባ ሊወድቅ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በአቧራነት የሚጠረገውም ከዚያው የማይተካ ዕንጨት ነው።

በመሆኑም የእድሳት ጥበብ የሚጀምረው ከመፋቅ ሳይሆን ከመመርመር ነው። በአልኮል የረጠበ ጨርቅ በስውር ቦታ ሲያሹት የቀድሞው ቅብ ከሟሟ፣ ሼላክ ነው ማለት ነው። ሼላክ በህንድ ሀገር በብዛት ከሚመረት፣ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ የሚሠራ ቅብ ነው። አዲሱ ሼላክ ከአሮጌው ጋር ሟሙቶ ስለሚዋሐድ፣ ቆሻሻውን ከማጽዳት በቀር ብዙ መፋቅ አያስፈልግም። በላዩ የአሮጌ ዘመን የዘይት ቀለም ካለ ግን እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና፣ አቧራው እንዳይነሣ ሳይረጥብ አይፈቅም፤ ሕፃናትም አይቀርቡም።

ቅቡ አልቆ ዕንጨቱ ራቁቱን በቀረበት ቦታ የተልባ ዘይት መልካም ነው። የአርሲ ደጋ ገበሬ ለምግብና ለገበያ የሚያመርተው ተልባ፣ በብዙ ሀገር ለዘመናት ዕንጨት ሲመግብ ኖሯል። ዘይቱ የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሆነ በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ለቀናት ይተዋል። የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ግን በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። አሮጌ የዕንጨት ቤት በእንዲህ ያለ ትንሽ ቸልታ ሊጠፋ ይችላል።

እድሳት ማለት ዕቃውን ትናንት እንደተሠራ አድርጎ ማብረቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን መታጠፊያው ላይ በመዳፍ ብዛት የጎደጎደውን ስፍራ ደልድሎ ያስተካከለ አናጺ፣ ቤቱን ከኖሩበት ሰዎች ለይቶታል። ያንን ጉድጓድ ሳይነካ ቅቡን ብቻ ያደሰ ግን፣ ነገ ደረጃውን ለሚወጣ ልጅ አያቱ የያዘበትን ቦታ ትቶለታል።