ሊኑክስ ወደ ቤት የገባበት መንገድ
ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ሲጀምር ሥራው የኮምፒውተር አዋቂዎች ብቻ ነበር፤ ለተራው ሰው መጫኑ ራሱ ፈተና ነበር።

ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ የተባለ የሊኑክስ ስሪት የመጫን ፍርሃቱን ቀነሰ። ከሲዲ ስለሚነሳ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ተቻለ።

ትልቁ ለውጥ በኦክቶበር 2004 መጣ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ስሪት ላይ የተገነባውን ኡቡንቱ 4.10ን አቀረበ። ኩባንያው ካኖኒካል ሲዲውን ለጠየቁት በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ የቆመው በ2011 ነው። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ የነፃ ሲዲ ከማንኛውም የቴክኒክ ማሻሻያ ይበልጥ ነበር።

በዚያው 2011 ኡቡንቱ መልኩን ዩኒቲ ወደተባለ አዲስ ገጽታ ሲለውጥ፣ የለመዱትን ሜኑ ያጡ ብዙዎች በ2006 ወደተጀመረው ሊኑክስ ሚንት ተሻገሩ።